ያ «ቆይ አንዴ» መቼ ነው የሚያልቀው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ጠረጴዛ ከበን ስለምንጫወተው የገጸ ባሕሪ ጨዋታ ነው። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕሪ ፈጥረን እንይዛለን። አንድ ሰው ደግሞ የጨዋታው መሪ ይሆናል። ዓለሙን የሚተርክልን፣ ንጉሡንም ጭራቁንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። «ምን ታደርጋላችሁ?» ይለናል፤ እንመልሳለን። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከታተመ ወዲህ ነገሩ በዚህ መልኩ ቀጥሏል። እንግዲህ አስቡት፤ መሪው ያልሰማው ነገር በዚያ ዓለም ውስጥ አልተደረገም።

የእኔ ገጸ ባሕሪ ዕድሜዋ የገፋ፣ የጠፉ ቋንቋዎችን የምታነብ ሴት ናት። ስፈጥራት ጉልበቷን 8፣ ዕውቀቷን 16 አደረግሁት። ሰይፍ በቅጡ አትይዝም። የሕይወት ታሪኳን በሦስት ገጽ ጽፌ ለመሪያችን ሰጥቼዋለሁ። መጫወት ከጀመርን ስምንት ወራችን ነው።

ከወር በፊት አንድ የድንጋይ በር ፊት ደረስን። መሪያችን «በሩ ላይ ማንም በማይናገረው ጥንታዊ ቋንቋ ጽሑፍ ተቀርጿል» አለ። ስምንት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ይሄን ነበር። «አነበዋለሁ» አልኩ። ወዲያው ከጎኔ ያለው ጓደኛችን «በመጥረቢያ እሰብረዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ጣለ፤ 19 ወጣለት። ጠረጴዛው ጮቤ ረገጠ። በሩ ፈረሰ፣ ጽሑፉም አብሮ ፈረሰ። «እኔ እኮ እያነበብኩ ነበር» አልኩ። ደግሜ ስናገር መሪያችን እጁን አንስቶ «ቆይ አንዴ» አለኝ። ከበሩ ጀርባ ጭራቆች ወጥተው ነበር። ያ «ቆይ አንዴ» ይኸው እስካሁን አላለቀም።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ውጊያ ሲጀመር ሁላችንም ዳይስ ጥለን ተራ እንይዛለን። መሪው ተራ በተራ በስም ይጠራናል። እዚያ ላይ አንድም ቀን ተረስቼ አላውቅም። ውጊያው ሲያልቅ ግን ተራውም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የጎላ ሰው ይቀድማል። ስለዚህ ለውጊያ የማትሆን ገጸ ባሕሪ ይዤ፣ ስሜ እንዲጠራ ብቻ ውጊያ እንዲነሳ መመኘት ጀመርኩ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

«አንቺም ጮክ በያ!» ይሉኛል። ሞክሬዋለሁ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ቀደምኩ፤ የተፈለገውም ሆነልኝ። ቀና ስል ግን ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ሊናገር የከፈተውን አፉን ሲዘጋ አየሁ። ዳይሶቹን አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ጀመረ። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ከዚያ ወዲህ መጮኹን ተውኩት።

መሪነት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ታሪኩን፣ ሕጉን፣ የአምስት ሰው ፍላጎት በአንድ ራስ መያዝ ቀላል አይደለም። የምጠይቀውም ትንሽ ነገር ነው። ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛውን ዞር ብሎ ይይ። ያልተናገረውን በስሙ ጠርቶ «አንተስ ምን እያደረግክ ነው?» ይበለው። የሚረሳ ከሆነ የሁላችንን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በተናገርን ቁጥር ምልክት ያድርግ። ሁለት ሰው በአንዴ ሲናገር ደግሞ በሩ ከመሰበሩ በፊት ሁለቱንም ይስማ።

ባለፈው ሳምንት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ደብተሩን ገለጠ። የበሩ ጽሑፍ ሙሉውን እዚያ ተጽፎ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ የገጸ ባሕሪዬ ስም። ለእሷ ብሎ ያዘጋጀው ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ጨርሶ ረስቶታል። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። «ይቅርታ፣ አሁን ላንብብልሽ» አለኝ።

እንዳያነብልኝ ለመንኩት። ፍርስራሹ መቼም የትም አይሄድም። ተመልሰን ስንሄድ እሷ ራሷ ድንጋዩን ገጣጥማ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ