ለማህሌት፣ ስለ ወንድምሽ ቀጣይ ኑሮ

ውድ ልጄ ማህሌት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ትምህርቱስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ናቲም ሰላም ብለውሻል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። "ስመረቅ ሐዋሳ ሥራ አልፈልግም፣ ቤት እመለስና ናቲን እኔ እይዘዋለሁ" አልሽ። እናትሽ አለቀሰች። እኔ ዝም አልኩ። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

መልሴ አይሆንም ነው የኔ ልጅ። ለወንድምሽ ያለሽን ፍቅር አውቃለሁ፣ አባት ሆኜ ከዚህ የበለጠ የሚያኮራኝ ነገር የለም። ግን ናቲ ዳውን ሲንድረም ቢኖርበትም ትልቅ ሰው ሆኗል። የሚያስፈልገው የራሱ ኑሮ ነው። የሚይዘው ሰው ካገኘ ያንን ኑሮ አይጀምረውም።

እንደምታውቂው ሰኔ ላይ ከልዩ ፍላጎት ክፍሉ ወጣ። 18 ዓመት ሞላው፣ "ዕድሜው አልፏል" አሉን። ሚኒስትሪ አልተፈተነ፣ ሰርተፍኬት የለው። "ከዚህ በኋላስ የት ይሂድ?" ብለን ስንጠይቅ መልስ ያለው ሰው አላገኘንም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከናቲ ቀደም ብለው የወጡ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ቤት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት። ፊደል ለይቶ የነበረው ረስቶታል፣ ሰላምታ የሚሰጠው አሁን ሰው ሲያይ ይደበቃል። ወላጆቻቸው ክፉ ሆነው አይደለም። ሁለቱም ሥራ ይውላሉ፣ መኪና ይገጨዋል፣ ሰው ይመታዋል ብለው ይፈራሉ። እኔም እፈራለሁ። ግን ቤት ተዘግቶ የከረመ ልጅ የያዘውንም እንደሚያጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ናቲ ዳቦ ቤት እየሠራ ነው። ሥራውን ደግሞ እዚያው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው የለመደው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ፣ በአጠቃላይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለው ሰው፣ አንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞት ለመሄድ ይቸገራል። ክፍል ውስጥ በወረቀት ብር መግዛትና መሸጥ ሲጫወቱ ናቲ አንደኛ ነበር። እውነተኛ ሱቅ ወስጄው ባለሱቁ "መልስህን ቁጠር" ሲለው ደርቆ ቀረ። ስለዚህ ታክሲ የሚለመደው ታክሲ ውስጥ ነው፣ ገንዘብ የሚለመደው ሱቅ በር ላይ ነው።

አስተማሪው የነበረችው ልጅ አንድ ዘዴ አሳየችኝ። እግዜር ይስጣት። "ከመጨረሻው ጀምሩ" አለችኝ። መጀመሪያ መንገዱን ሁሉ አብሬው ሄድኩና ከታክሲው ወርዶ ዳቦ ቤቱ በር ድረስ ያለችውን ብቻ ለብቻው እንዲሄድ ተውኩት። እሷን ሲችል መውረዱን ጨመርን። ከዚያ ሂሳብ መክፈሉን። ከዚያ ተሰልፎ መሳፈሩን። የመጨረሻውን ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ስለሆነ፣ በየቀኑ "ደረስኩ" ብሎ ነው የሚገባው። ከመጀመሪያው ብንጀምር ኖሮ ሁልጊዜ መሃል ላይ እኔ ተቀብዬው፣ ሳይጨርስ በቀረ ነበር።

ከሁሉም የከበደው "ወራጅ አለ" ማለት ነበር። የቃሊቲው ታክሲ መንገድ ላይ ነው የሚያወርደው፣ ካልተናገርሽ ያልፋል። የናቲ ንግግር እንደማይጠራ ታውቂያለሽ፤ የአፉ ጡንቻ ላላ ያለ ነው፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ድምፁን ይውጣል። ቤት ውስጥ ከእናትሽ ጋር ወንበር ደርድረው ተለማመዱ። አልሆነም፣ ታክሲው ውስጥ ጭጭ። በኋላ ከሾፌሩ ጀርባ እንዲቀመጥና ትከሻውን መታ አድርጎ እንዲናገር አደረግን። አሁን ይናገራል። አንዳንዱ ረዳት ገና ሲሳፈር "ናቲ፣ ዛሬ የት ነህ?" ይለዋል፣ እሱም ቆፍጠን ብሎ "ሥራ!" ይላል።

አንድ ቀን አልፎ ሄደ። ቃሊቲ ድረስ። ኪሱ ውስጥ ስሙና ስልካችን የተጻፈበት ካርድ አለ፤ አውጥቶ ለአንዲት ጀበና ቡና ለምትሸጥ ሴት አሳያት፣ እሷም ደወለችልኝ። እናትሽ "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አይሄድም" አለች። ማህሌት፣ አንቺም እኮ ፍሬሽ የሆንሽ ጊዜ ሐዋሳ ጠፍተሽ አልቅሰሽ ደውለሽልን ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ተዪው አላልንሽም። ናቲ መጥፋትም የመገኘትም መብት አለው ብዬ ተከራከርኩ። ጠፍቶ ካርዱን ያወጣው ራሱ ነው።

ዳቦ ቤት ሥራው ትሪ ላይ ዳቦ መደርደር፣ አሥር አሥር እየቆጠረ ፌስታል ውስጥ ማስገባት፣ ሲጨርስ ጠረጴዛ ማጽዳት ነው። የሥራውን ቅደም ተከተል በፎቶ አንስተን ግድግዳ ላይ ለጠፍንለት። ሲረሳ ሰው አይጠይቅም፣ ፎቶውን ያያል። ባለቤቱ መጀመሪያ "የትራንስፖርት እንሰጠዋለን" ብሎ ነበር። ሰውየው ደግ ነው፣ ግን እንቢ አልኩ። የሠራ ሰው ደመወዝ ነው የሚከፈለው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው፤ የአእምሮ ጉዳት ያለውንም ይጨምራል፤ አሠሪው በጉዳቱ ምክንያት ማግለል እንደማይችልና የሥራ ቦታውን ማመቻቸት እንዳለበት ይናገራል። አዋጁን ይዤ አልተጣላሁም፣ ሻይ እየጠጣን አነበብኩለት። አሁን በሠራበት ሰዓት ይከፈለዋል፣ ግማሽ ቀን ነው።

መታወቂያ አውጥተናል፣ ፋይዳም ተመዝግቧል። የጣት አሻራው ሲነሳ እንዴት እንደሳቀ! የባንክ ደብተሩ በራሱ ስም ነው። አጎትሽ ግን "ፍርድ ቤት ሂድና ችሎታ የለውም አስብል፣ አንተ ፈርምለት" ይለኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰውን በፍርድ መከልከል የሚባል ነገር አለ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ያንን መንገድ አልፈልገውም። በሕግ 18 ዓመት የሞላው ሰው አካለ መጠን አድርሷል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 እነዚህ ሰዎች ከማንም እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው፣ ለመወሰንም ድጋፍ ሊያገኙ እንደሚገባ ይላል። ናቲ ምርጫውን ቀለል አድርገሽ ካስረዳሽው ይመርጣል። ደመወዙ የወጣ ቀን ጫማ ልግዛልህ ብለው እኔ ያልኩትን ትቶ ቀዩን መረጠ።

ሌላም ነገር አለ። የሰውነቱ ጉዳይ። ማን ሊነካው እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል፣ "አልፈልግም" ማለትን፣ አንድ ሰው "ለማንም አትንገር" ካለው ሮጦ እንዲነግረን እያስተማርነው ነው። ጢሙን መላጨትም ይዟል። በዓመት አንዴ የታይሮይድ ምርመራ እናደርግለታለን፤ ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ዕጢ ናት፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ላይ ችግሯ ይበዛል፤ በእሷ ምክንያት ልጁ ሲደክመው ሰው "ሰነፈ" ይለዋል። ጆሮውንና ዓይኑንም እንዲሁ ማየት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ወላጆች ኮሚናሉ ውስጥ መሰብሰብ ጀምረናል። በዚህ አገር ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የተሠራውን አብዛኛውን ነገር የጀመሩት ወላጆች ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት ነው። የእኛ ሐሳብ ትንሽ ነው፦ ለሌሎቹም ልጆች በየአካባቢው ለግማሽ ቀን የሚቀበላቸው ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ካፌ መፈለግ። ሥራ እስኪለምዱ ድረስ ደግሞ በተራ አብሮ የሚውል ወላጅ።

አንቺ ለፋሲካ ስትመጪ የምትረጂን ይሄን ነው። ሰው ናቲን ሲጠይቀው አንቺ አትመልሺለት። ዝም ብሎ ቢቆይም ጠብቂው። ምግቡን አታቅርቢለት፣ እሱ ያቅርብልሽ፤ ሽሮ መሥራት ተምሯል፣ ትንሽ በርበሬ ያበዛል። እኔና እናትሽ ስናረጅ የምትጠይቂው፣ የምትመክሪው፣ ሲቸግረው የምትደርሺለት እህቱ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ከሐዋሳም ሆኖ ይቻላል።

ክረምት ላይ መጥቶ ሊያይሽ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። አውቶቡስ ላይ አብሬው እሳፈራለሁ፣ ቲኬቱን ግን እሱ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ያልሽኝን የሥራ ማስታወቂያ ቀኑ ሳያልፍ እዚያው አመልክቺ።

አባትሽ