ለልጆቻችን ምሳ ከራሳችን ማሳ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደሴ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱን አሳልፎ ለአዲሱ ዓመት ትምህርት ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልጆቻችሁ ምሳ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ትምህርት ቤታችን ምገባ ይጀምራል። ምን እንደምናበላ፣ እህሉን ከየት እንደምናመጣና ከእናንተ ምን እንደምንፈልግ ሳትሰሙ እንድንጀምር አልፈለግሁም።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወደ አንዱ ክፍል ብትገቡ ዴስክ ላይ ጭንቅላቱን የደፋ ልጅ አታጡም። አልተኛም። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን አይገባውም። "ቁርስ ምን በላህ?" ሲባል "ሻይ" ይላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ርቦታል። የራበው ልጅ ማካፈልና ማባዛት አይገባውም፤ እኛም የቱንም ያህል ብንጮህ አናስተምረውም።

ምገባ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ድርቅ በሚያጠቃቸው አካባቢዎች ተማሪዎችን መመገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ያኔ የሚቀርበው ምግብ አብዛኛው ከውጭ በእርዳታ የሚገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እህሉን እዚያው ካለው አርሶ አደር እየገዙ ማብላት በደቡብና በኦሮሚያ ተሞከረ። እኛም የመረጥነው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። እርዳታ ሲቆም ድስቱም አብሮ ይቆማል። የጎረቤት ገበሬ ግን ዘንድሮም ያርሳል፣ ከርሞም ያርሳል። የሚገዛው ትምህርት ቤት እንዳለ ካወቀ ደግሞ ለኛ ብሎ ይዘራል።

ለመሆኑ አካባቢያችን ምን ጎደለው? ከለጋምቦና ከኩታበር ደጋ ገብስ፣ ባቄላና አተር ይወርዳል። ከቃሉና ከወረባቦ ቆላ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ ይወጣል። ከገራዶ ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት ገና ጤዛው ሳይደርቅ ከተማ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ይዘን ልጆቻችን በፌስታል የታሸገ ቺፕስና ጀላቲ ምሳችን ነው ሲሉ መስማት ያማል። የራስን ጥሎ የሰው አንጠልጥሎ ማለት ይኸው ነው።

በተለይ ስለ ማሾ ትንሽ ልበላችሁ። ቃሉ ውስጥ ገበሬው በብዛት ያመርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀምሯል፤ ብዙው ወደ ውጭ ይላካል። ከኛ ቤት ግን በቅጡ አልገባም። የምገባ ኮሚቴው ውስጥ ያሉ እናቶች በንፍሮም፣ በወጥም ሞክረውታል። ልጆቹ ወደዱት። ለማብሰያ ቤታችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ቶሎ ይበስላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቶች ባቄላ እዚህ ዝቅ ካለችው ከኮምቦልቻ ይልቅ አልበስል ይላል የምትሉት እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ የሚዘፈዘፉት ማታ ነው። ጠዋት ውሃው ይደፋል፣ በአዲስ ውሃ ይጣዳል። ማሾና ምስር በሚበስሉበት ቀን የምናተርፈው ማገዶ ቀላል አይደለም።

ሳምንቱ እንዲህ ይሆናል። ሰኞ የገብስ ቅንጬ በምስር እናቀርባለን። ማክሰኞና ሐሙስ እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ከጎመን ጋር ነው፤ እንጀራው አንዳንዴ የጤፍ፣ አንዳንዴ የማሽላ ቅልቅል ይሆናል። ረቡዕ ንፍሮና ዳቦ፣ ዓርብ ማሾ በካሮት። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ የሚቀርቡት እንዲያው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ላይሲን የሚባል ለልጅ እድገት የግድ የሚያስፈልግ ነገር አለ። እህል ውስጥ ትንሽ ነው፤ ምስርና ባቄላ ውስጥ ሞልቷል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያበሉን ሳይንሱን ቀድመውት ነበር።

ማሽላ የድሃ ምግብ ነው የሚል ወላጅ ካለ እባካችሁ ልጁ ፊት አይበል። ልጅ የሚንቀው እኛ የናቅነውን ነው። ወሎን ከትውልድ ትውልድ ያቆየ እህል ነው፤ ልጆቻችን ኮርተው ይብሉት።

ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ምሳው ውስጥ የሉም። ምክንያቱን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚህ ከተማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ አይደለም፣ ዘመድም ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም፣ ሐላል የሚጠይቀውም ልጅ ከአንድ ድስት እንዲበላ ፈለግን። ለሁለት ተከፍለው ሲቀመጡ ማየት አንፈልግም። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ድርሻቸውን ዳቦና ቆሎ አድርገን ለአፍጥር ይዘው ይሄዳሉ። በፍስክ ቀን ግን አቅሙ ያላችሁ ቤት ውስጥ እንቁላልና ወተት ስጧቸው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከጥራጥሬና ከአትክልት አይገኝም።

ሻይንም በተመለከተ አንድ ነገር አለኝ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ከምስሩና ከጎመኑ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ምግቡ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲኖር ደግሞ ብረቱ በደንብ ይገባል። ስለዚህ ምሳ ላይ ሻይ አይኖርም። ቤትም ቢሆን ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቁት።

ሁሉም ልጅ ይበላል። ይህ ውሳኔ ሲነሳ "የቸገራቸውን ብቻ እንመግብ፣ ወጪው ይቀንሳል" ያላችሁ አላችሁ። አሳባችሁ ይገባኛል። ግን የድሃ ልጆች ስም ዝርዝር ተለጥፎ፣ እነሱ ብቻ ተሰልፈው ሲበሉ የሚሰማቸውን አስቡት። ከዚያ ተርታ ከሚቆም ተርቦ መዋልን የሚመርጥ ልጅ ብዙ ነው። አምና የወላጆች ቀን ዳቦ ስናድል አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግማሹን ከደብተሯ በገነጠለችው ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ለታናሽ ወንድሟ ነው። አልተቆጣናትም፤ ዘንድሮም እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ቢኖር ማንም አይቆጣውም። መምህሯ ግን ዝም ብላ አላለፈችም፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ተናገረች። እንዲህ ያለ ቤት ስታውቁ እናንተም በጆሮዬ ንገሩኝ። ስም አይወጣም።

አሁን ወደ እናንተ ድርሻ ልምጣ። ለአንድ ልጅ በቀን 100 ግራም እህልና 40 ግራም ጥራጥሬ ብናስብ፣ ለ500 ልጅ 70 ኪሎ ይሆናል። በሳምንት ሦስት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ዘይቱ፣ ጨውና ማገዶው ሳይቆጠር። ገንዘብ የምትችሉ ገንዘብ፣ ገጠር ዘመድ ያላችሁ እህል፣ ሁለቱም የሌላችሁ ጉልበት ታመጣላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ምስርና ባቄላ የሚለቅሙ እጆች ብቻ ስንት ሥራ ያቃልሉልናል! ምንም ማዋጣት የማይችል ወላጅ ደግሞ አይሸማቀቅ፣ ልጁም አይቅር። አብሽሩ፣ ልጃችሁ እንደማንኛውም ልጅ ይበላል።

እህል ስታመጡ ሦስት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ለዚህም ሽሮ ውስጥ እየተቀላቀለ ይሸጣል። አዘውትሮ በብዛት የበላ ሰው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ያ ሽባነት ደግሞ አይድንም። ስለዚህ የተፈጨ ሽሮ ከማንም አንቀበልም። ሽምብራውን ወይም አተሩን በጥሬው አምጡ፣ ለቅመን እኛው እናስፈጫለን። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። የሻገተ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል። ጉበት ይጎዳል፣ ሲቀቀልም አይጠፋም። አጥቤዋለሁ፣ አስጥቼዋለሁ ብትሉም አንወስደውም። ሦስተኛው፣ ጨው የምታመጡ አዮዲን ያለበት ይሁን።

አብሳዮቻችን ስድስት እናቶች ናቸው፣ ሁሉም ከዚሁ ሰፈር። የጤና ምርመራ አድርገዋል። የገዛነውና የተዋጣው እህል በየሳምንቱ ዓርብ በሚዛን ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል። መጥታችሁ እዩ፣ ጠይቁ። ማብሰያ ቤቱም ለማንኛውም ወላጅ ክፍት ነው፣ ብቻ ፀጉራችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

እሁድ ከሰዓት 8 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ አለን። ለልጃችሁ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ያን ቀን ይዛችሁ ኑ። ምግብ የማይስማማው፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ስኳር ያለበት ልጅ ካላችሁ ከምገባው መጀመር በፊት ለክፍል ኃላፊው መምህር አሳውቁ፤ አብሳዮቹ ለይተው ያዘጋጁለታል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር