እማዬ መናገር ስለማልችል ነው የጻፍኩልሽ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ፣ ግፊቱስ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልክ የማላነሳው ተቀይሜ እንዳይመስልሽ፣ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው። ቶንሲሌን አስወጣሁ፣ በዛው ማደንዘዣ የአፍንጫዬንም አጥንት አስተካከሉልኝ፣ ያው ከበቅሎዋ የወደቅኩ ጊዜ የተጣመመውን። ቀድሜ ብነግርሽ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ እንደምትወጪ አውቃለሁ፣ በዚህ ክረምት ደሞ ጣርማ በርን በዛ ጭጋግ... ተይው በቃ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ በመሠረተ ትምህርት የለፋሽበት ፊደል ለዛሬ ይሁነን፣ ለሌላ ሰው አታስነብቢው።

ለትልቅ ሰው ይከብዳል ብለውኝ ነበር ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። መጀመሪያ ደህና ነኝ ብዬ ስቀልድ ነበር፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው ጉዱ የመጣው፣ ምራቄን መዋጥ ራሱ እሾህ እንደመዋጥ ሆነብኝ። ጆሮዬ ደሞ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል፣ ጆሮዬን እኮ ማንም አልነካውም፣ ከአንገት በላይ ሐኪሙን ስጠይቀው ጉሮሮና ጆሮ በአንድ ነርቭ ስለሚገናኙ ነው አለኝ። ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ነገር ለብሶ ሳየው መግል መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ቅርፊት ነው አሉኝ፣ እርጥብ ቦታ ስለሆነ ነው ነጭ የሚሆነው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ ሲነሳ ደም ሊመጣ ይችላል፣ ውሃ መጠጣት እንዳታቋርጪ፣ ደም ካየሽ ትንሽ ነው ሳትይ ሮጠሽ ነይ ተብያለሁ። ያ ጊዜ በሰላም አለፈ፣ ዱዓሽ ነው።

አፍንጫው ሌላ ጣጣ ነው። መናፈጥ ክልክል፣ ካስነጠሰኝ አፌን ከፍቼ፣ በጨው ውሃ ማጠብ፣ ትራስ ደራርቤ ቀና ብዬ ነው የምተኛው። ዳማከሴ ልላክልሽ እንዳትይ እሺ፣ ከጨው ውሃው በቀር ምንም ነገር አይገባበትም። በርበሬ የለ፣ ቆሎ የለ፣ ቀዝቃዛ ነገር ግን ውሰጂ ብለውኛል፣ አይስክሬም ስልስ ብታይኝ አንቺ በፀሐይ ሻርፕ የምታስሪልኝ ትጮኺ ነበር። ያተረፈኝ አጥሚት ነው፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ አድርጌ አስፈልቼ አቀዘቅዘዋለሁ፣ አላህ ይስጥሽ።

ትንሹ የፊት ጥርሱ ወለቀ፣ አፍሽ ይሸታል እያለ አጠገቤ አልተኛም ብሏል። ባለቤቴ ድንች መቀቀል ለምዷል። አንቺ ጋ ያለችው ልጄስ ትበላለች? የሐይቁን ዓሣ ስትሰጫት አጥንቱን ልቀሚላት።

ሐኪሙ ደሞ ገና ሲመረምረኝ ባትሪ አብርቶ አየና እንጥልሽ የታለ አለኝ። ተቆርጧል አልኩት። የት ነው ያደግሽው ሲለኝ ወሎ አልኩት፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገና ጽፎ ዝም አለ፣ ብዙ ያያል መሰለኝ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ።

እማዬ ኮንጎ ጫማ ልንገዛ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ። ገበያ እየዘለልኩ ነው የተከተልኩሽ። ከዛ ያ ሰውዬ ግቢ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈው፣ ከኔ በፊት የነበረውን ልጅ ደም በጨርቅ ጠረግ አድርጎ በዛው ብረት ወደኔ መጣ። ጭንቅላቴን በጉልበትሽ መሃል አድርገሽ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። ጫማው በኋላ ተገዝቷል፣ አልካድኩም። አንዱን ወንድሜን ቀብረሽ ብዙም ሳትቆዪ ነበር፣ እንጥሏ ይፈነዳና ትሞትብሻለች ብለው አስፈራርተውሻል፣ ይሄን ሁሉ እኔም ወልጄ ገብቶኛል። ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሳሽውም፣ እኔም ዝም አልኩ።

አሁን የማነሳው ለምን መሰለሽ፣ ባለፈው ስደውል ልጅቷን ጉሮሮዋን ብሏታል፣ እንጥሏ ሳይወርድ አይቀርም፣ እዚህ እጁ ጥሩ የሆነ ሰው አለ ብለሽ ሳቅ ብለሽ አለፍሽው። እኔም ሳቅኩ፣ ከዛ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም።

አይቆረጥም። እማዬ ስሚኝ፣ አይቆረጥም። ልጅ እንጥሉ ፈንድቶ አይሞትም፣ የሚገለው ደም ሲፈስ ነው፣ ቴታነስ ነው፣ በአንድ ምላጭ ኤችአይቪም ይተላለፋል። ደሞስ የኔ ተቆርጦ መቼ ከቶንሲል አዳነኝ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ተጋድሜ የለም እንዴ! የአክስቴ ልጅም ተቆርጦላት ነበር፣ ቡዳ ነው ዓይን ነው ስትባል ከርማ ልቧ ሆኖ ተገኘ። እሷም ጉሮሮዬን ስትል ነበር ያደገችው፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው ቶንሲል ካልታከመ ውሎ አድሮ የልብ ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል፣ መድኃኒቱ ደሞ ፔኒሲሊን ነው፣ ጤና ጣቢያ አለ።

ነገ ጠዋት ወንድሜ ይውሰዳት። የሚታዘዝላትን ተሻላት ብላችሁ መሃል ላይ እንዳታቋርጡ። ያንቺን አስፕሪን እንዳትሰጫት፣ ለልጅ አይሆንም። ብር በወንድሜ ቴሌብር ልኬያለሁ፣ ከሱ ላይ ያንቺንም የግፊት ኪኒን ይግዛ፣ ሊያልቅ ነው ብሎኛል፣ ሻለኝ ብለሽ እንደምታቆሚ አውቅሻለሁ።

ካነበብሽው እሺ ብለሽ ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። እስከ ዓርብ መልስሽን ካጣሁ አባቷ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል፣ ተማክረናል፣ ያኔ እንዳትቀየሚኝ።