የአምባዛው ምልክት፦ የምልክት ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት። የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በጣት ፊደል አለቀ። የኛ የጣት ፊደል በጣም ደስ ይላል። የእጅ ቅርጹ «ለ» መሆኑን ይናገራል፤ «ሉ» ይሁን «ሊ» የሚለየው ደግሞ እንቅስቃሴው ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንዷ አባላችን ስለ አክስቷ ልጅ ነገረችን። ዘጌ አካባቢ ሐይቁ ዳር የሚኖር የ8 ዓመት ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። መስማት የተሳነው ሌላ ሰውም አይቶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን። እኔ የምልክት ሥዕሎች አባዝቼ ይዤ ነበር። ልጁ ወረቀቱን አየት አደረገና መለሰልኝ። ምንም ቋንቋ የሌለው ልጅ መስሎኝ መሄዴ ስህተት ነበር። አምባዛ ለማለት ጣቶቹን ከአፉ ግራና ቀኝ እንደ ጺም ያወዛውዛል። አባቱ ማለት ታንኳ መቅዘፍ ነው። አያቱ «እኔና እሱ አንቸገርም ልጄ፤ ከደጃፍ ሲወጣ ነው ጭንቁ» አሉኝ።

እንዲህ ያለው የቤት ምልክት በብዙ አገር አለ። ተመራማሪዋ ሱዛን ጎልዲን-ሜዶ እነዚህ ልጆች ምልክቶቻቸውን ዝም ብለው እንደማይደረድሩ፣ የራሳቸው ቅደም ተከተል እንዳላቸው አሳይተዋል። ግን ምልክቱ እዚያው ቤት ይቀራል። የሚያድገው ልጆቹ ሲገናኙ ነው።

ይህ በኒካራጓ ታይቷል። በፈረንጆቹ 1977 ዋና ከተማዋ ማናጓ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ማዕከል ተከፈተ። በ1983 በሁለት ትምህርት ቤቶች ከ400 በላይ ተማሪዎች ነበሩ። መምህራኑ ስፓኒሽን ከከንፈር ለማስነበብ ይደክማሉ፤ እምብዛም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡሱ ላይ የየቤታቸውን ምልክት አዋጡ። ከዚያ አዲስ ቋንቋ ተወለደ።

ክበቡ ውስጥ ብዙ ያወራነው ስለዚሁ የኒካራጓ ቋንቋ ስለተሠራ አንድ ጥናት ነው። ተመራማሪዋ አን ሴንጋስና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 2004 ያወጡት ነው። እኛም ሞከርነው። «ድንጋይ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ተንከባለለ፤ ያለ ድምፅ አሳዩኝ» አልኳቸው አባላቱን። አብዛኞቹ እጃቸውን እያሽከረከሩ ወደ ታች አወረዱ፤ ሁለቱንም ባንዴ። ኒካራጓ ውስጥም መጀመሪያ የገቡት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በኋላ የመጡት ታናናሾች ግን «መንከባለል»ን ለብቻ፣ «መውረድ»ን ለብቻ፣ አከታትለው ማሳየት ጀመሩ። ድንጋዩ ራሱ ሁለት ቦታ አይከፈልም። የከፈሉት ልጆቹ ናቸው። አንዴ ከተከፈለ ደግሞ «መውረድ»ን ከመሮጥም ከመዝለልም ጋር ማጋጠም ይቻላል። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ከማን ተማሩት?» አለኝ። ከማንም አልተማሩትም። ትልልቆቹ የሰጧቸውን ተቀብለው አበለጸጉት።

አንጀቴ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ማናጓ ውስጥም ዕድሜያቸው ከፍ ብሎ የገቡት ልጆች ታናናሾቹ የደረሱበት አልደረሱም። እኛ ጋ ደግሞ «ይስቁበታል» እያልን፣ ስለምንወደው ብቻ፣ ልጁን ቤት እናቆየዋለን። እባካችሁ ወላጆች፣ ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ንገሩን።

ሚያዝያ ላይ አያቱ ፈቀዱልን። ልጁን ባሕር ዳር ወደሚገኝ የልዩ ፍላጎት ክፍል አመጣነው። ከዚያ ወዲህ አባቱ በየሳምንቱ ያመጡታል። እዚያ የሚማሩት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ግን ሁሉም የቤቱን ያወጣል። የመጀመሪያ ቀን አያቱ ቀሚስ ሥር ተደብቆ ዋለ። ሦስተኛው ላይ ግቢው መሃል ገባ።

ሰኔ ላይ ልንሰናበታቸው ሄድን። አንዲት ትንሽ ልጅ ስለ ምሳዋ ስታወራ አፏ ጥግ ላይ አንድ ጣት ብቻ ወዝወዝ አደረገች። አምባዛ ማለቷ ነው። እሱ ሁለቱንም ጺም አሳይቶ አረማት። እሷ በአንድ ጣት ደገመችው። ትንሽ ቆይቶ ለአባቱ ሲነግር አየሁት፤ በአንድ ጣት ነበር።