የቆራሄ ሰዎች ስም ሳይጠፋ

የቧንቧ ውሃ ግቢያችን ከገባ በኋላ እንኳን አያቴ ውሃ የምትቀዳው ጎህ ሳይቀድ ነበር። በርሜሉን ሞልታ፣ በጣውላ ከድና፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ባልዲ ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ካየች ትቆጣለች። ልማዱ ከእናቷ የወረሰችው ነው። እናቷ በ1928 ዓ.ም. ባሏን ተከትላ ኦጋዴን፣ ቆራሄ ምሽግ ነበረች። ቀን ቀን የጣሊያን አውሮፕላን ስለሚመጣ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት በጨለማ ነበር።

የዚችን ሴት ስም እኔ አውቀዋለሁ። ልጆቼም ያውቁታል። ከቤታችን ውጪ ግን የትም ተጽፎ አላየሁትም። ይህንን ጥሪ እንድጽፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

እኛ ኦጋዴን ውስጥ በወልወልና በቆራሄ ጣሊያንን ሲመክቱ የነበሩ ሰዎች ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ነን። እርስ በርስ ተጠያይቀን፣ ተፈላልገን ነው የተገናኘነው። አሁን የእነዚያን ሰዎች ስምና ታሪክ ከየቤተሰቡ እየሰበሰብን ነው። ብቻችንን ግን አልቻልነውም።

ወልወልን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። ከ300 በላይ የውሃ ጉድጓዶች ያሉበት ቦታ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. እዚያ ተኩስ ተከፈተ። የእኛ ሰዎች የሄዱት ድንበር የሚያካልለውን የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ኮሚሽን አጅበው ነው። ጣሊያኖች አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ነበራቸው። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ከ100 ሰው በላይ ሞተ። ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ እዚያው ወደቁ። ሌሎቹስ እነማን ነበሩ? በየመጽሐፉ የምናገኘው ቁጥር ነው።

ቆራሄ ደግሞ ከዚያም በላይ ተረስቷል። ፋፈን ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ነው። የሶማሌው መሪ ሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉበት ዘመን ያሠሩት የድንጋይ ምሽግ ነበረበት። ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጦራቸውን ይዘው የመሸጉት እዚያ ነው። ለአውሮፕላን መመከቻ የነበራቸው አንድ ኦርሊከን መድፍ ነው። አንድ! በጥቅምት 1928 መጨረሻ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ምሽጉን በየቀኑ ደበደቡት። ግራዝማች አፈወርቅ በቦምብ ቆሰሉ። ደጋሃቡር ሆስፒታል እንውሰድዎት ቢባሉ እምቢ አሉ። እሳቸው ከሄዱ ወታደሩ ልቡ እንደሚሸበር ያውቁ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ከሁለት ቀን በኋላ ሞቱ። ከሞቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው።

የእሳቸው ስም አለ፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ልቤ የሚሄደው ከጎናቸው ወደነበሩት ነው። ምሽጉን የቆፈሩት፣ በሶ የበጠበጡት፣ ቁስለኛ የተሸከሙት፣ በቅሎ የነዱት። በዚያ ዘመን ጦር ሲዘምት ሚስት፣ ልጅ፣ አሽከር አብሮ ነው የሚዘምተው። ደግሞ ጉድጓዱን፣ መንገዱን፣ ዘላኑ የት እንዳለ የሚያውቁት የኦጋዴን ሶማሌዎች ናቸው። በጣሊያን ላይ ሸፍተው የመጡት የሶማሌው መሪ ዑመር ሰመተርና ተከታዮቻቸው ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆነው ተዋግተዋል። ስለዚህ ሥራችን በአማርኛ ብቻ ቢሆን ግማሹን ታሪክ ጥለን እንሄዳለን። የሶማሊኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ቃል በቋንቋቸው እንቀዳለን፤ ከዚያ ይተረጎማል።

እስካሁን የሠራነው በስልካችን ነው። ባለፈው ክረምት ጅግጅጋ አንዲት እናት አባታቸው ይዞት የዘመተውን ኮዳ አወጡልን። ጨርቁ አልቆ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቷል። አንገቱ ላይ ክር ታስሮበታል፤ ክሩን ያሰሩት እናታቸው ናቸው፣ ክዳኑ እንዳይጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩን። ቤት ገብተን ስንሰማው ግማሹ በነፋስ ድምፅ ተውጧል። እኚያ እናት አሁን ታመው ተኝተዋል። ድጋሚ መጠየቅ አልቻልንም።

የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ደህና ድምፅ መቅጃ፣ ፎቶና ደብዳቤ የምናነሳበት ስካነር፣ ከጅግጅጋ በደጋሃቡርና በቀብሪ ደሃር አድርጎ ቆራሄ የሚያደርስ የመኪና ኪራይ፣ የተቀዳውን የሚጽፉና የሚተረጉሙ ወጣቶች የወር ክፍያ። እኛ አስተባባሪዎቹ ደመወዝ አንወስድም። የተሰበሰበው ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ታትሞ ለየቤተሰቡ ይሰጣል፤ ቅጂው ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ይደርሳል። የአገር ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ ደግሞ ቆራሄ ላይ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ እናቆማለን።

የቻለ በየወሩ 200 ብር ይቁረጥልን። ያልቻለ 50 ብርም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ሐረርና ጅግጅጋ ያደጋችሁ፣ በዕድራችሁና በማኅበራችሁ አንሱት። መኪና ያለው መኪናውን፣ ሶማሊኛ የሚጽፍ እጁን ይስጠን። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ ወጪውንም በየሦስት ወሩ እናሳያችኋለን።

ከገንዘቡ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወደ 90 ዓመት ሆኖታል። ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት ሰዎች አርጅተዋል። ዛሬ ማታ ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ ደውሉና ወደ ኦጋዴን የዘመተ ዘመድ እንዳለን ጠይቁ። የሳጥኑን ታች ፈትሹ። ያገኛችሁትን ስም እስከ አያት ድረስ ጻፉልን፤ አብረው የዘመቱትን ሴቶች ስም ጭምር።