ከፍሎ መድከም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ፣ አባዬ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ብነግርዎ ግማሹ አይሰማዎትም፤ የሰሙት ግማሽ ደግሞ ያስቆጣዎታል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ወረቀት አነሣሁ። የሚያነብልዎ መቼም የእህቴ ልጅ ነው። አንተ ልጅ፣ አንድም መስመር ሳትዘል አንብብ፤ ከራስህም አትጨምር።

ባለፈው ስንነጋገር ሁለት ነገር ጠይቀውኝ መልሴን ሳይሰሙ ዘግተውታል። አንደኛው፣ ጤነኛ ሰው እንዴት ገንዘብ ከፍሎ በጫካ ይንከራተታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሴት ልጅ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት ውላ ታድራለች የሚል።

በመጀመሪያው ብዙም አልሟገትዎትም። እርስዎ በደርግ ጊዜ ጋራ ሲወጡ እርከን ሊሠሩና ችግኝ ሊተክሉ ነበር፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተሰፈረልዎ። እኔ ደግሞ ጋራ ለመውጣት ከኪሴ ከፈልኩ። ነገሩን በእርስዎ ዓይን ሳየው እኔንም ያስቀኛል። ነገር ግን፣ አባዬ፣ የእኔ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ባንክ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተር ማየት ነው። ማታ ስገባ አእምሮዬ ዝሎ እግሬ ግን አልደከመም፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም እሱ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው ድካም ይናፍቀዋል ብልዎት ያምኑኛል? ያላመኑኝ እንደሆነ በዚያ ቅዳሜ ማታ እንዴት እንደተኛሁ አብረውኝ የነበሩት ይመስክሩ፤ አንኮራፍተሻል ብለውኛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ተነሥተን፣ በአቀስታ አድርገን መካነ ሰላም ስንደርስ መሽቶ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ አቧራ፣ ብርድና ድምፅ ማጉያ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት። የመንገዱን ሰላም ቀድመን አጣርተን ነው የወጣነው፤ በዚህ አይስጉ። በማግሥቱ ወደ ደንቆሮ ጫካ ገባን። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እንቅልፍ የነሣዎትም እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰዎቹን አላውቃቸውም ነበር፤ እውነት ነው። እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም። ከአዲስ አበባ የመጣ አለ፤ ከኮምቦልቻ የመጣች አለች፤ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ክርስቲያንም እስላምም ነን። እርስዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ሥጋ በላሽ?» ብለው እንደሆነ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስልዎ፦ የማንንም። ገና ከመነሣታችን በፊት ሥጋ እንዳይያዝ ተስማማን። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ ግን ያለ አንድ አጥንት በጥቅምት ብርድ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ በልተን ከረምን። ማንም «እኔ ምን አገባኝ» አላለም። ወሎ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ግን ቋንጣውን ከቦርሳው አውጥቶ ለመኪናው ሾፌር ሲሰጥ ፊቱን ቢያዩት ያሳዝንዎት ነበር።

የሴቶቹ ድንኳን ለብቻው ነው። ሶላቴንም አላሳለፍኩም። ከወሎ ቂብላው ወደ ሰሜን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ገና ጫካው ውስጥ ፀሐይ በየት እንደወጣች አይቼ አቅጣጫውን ስለይ፣ ስልኳ ላይ የምትፈልግ አንዲት ልጅ ኔትወርክ አጥታ ከጎኔ መጥታ ቆመች። ሁለታችን ስንሰግድ የቀሩት ቦርሳቸውን ይዘው ፈንጠር አሉልን፤ ያ ድምፅ ማጉያ የያዘው ወጣት ሳይቀር ዘፈኑን አጠፋ። ከዚያ በኋላ ተቀይሜው የነበረውን ተውኩለት።

ማታ ማታ እሳት ዳር ቡና ይፈላል። ከኮምቦልቻ የመጣችው ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ ተሸክማ ነበር፤ ያን ሁሉ ዳገት! አቦሉን ስትቀዳ «ጀባ» ስትል እኔ ብቻ ነበርኩ የደነገጥኩት፤ ቤቴ የገባሁ መስሎኝ። በረካው ላይ መምህሩ መረቁን፤ እኛ «አሚን» አልን፣ እነሱም «አሜን» አሉ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ በቃል ልነግርዎ የማልደፍረው። እዚህ ሰፈር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የመጀመሪያ ቃሉ «እስካሁን አላገባሽም?» ነው። ሱቅ ስገባ፣ ለቅሶ ስሄድ፣ ሠርግ ላይማ አይጣል ነው። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ግን ይደክማል። እነዚያ ሰዎች ጋር አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ ውኃ ተርፎሽ እንደሆነ፣ እግርሽን ቆስለሽ እንደሆነ፣ ይህ ዛፍ ምን እንደሚባል ነው። በተለይ የመጨረሻውን ደጋግመው ጠየቁኝ። ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ቀጋውን፣ ክትክታውን ሁሉ እየጠራሁ ሳልፍ «እጽዋት አጥንተሽ ነው?» አሉኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ስላቸው አላመኑም። አንዷ ሳማ ነክቷት ስትጮህ ቱልት ቀጥፌ አሸሁላት፤ ወረባቦ ውስጥ የማንኛውም እረኛ ዕውቀት ነው፤ እዚያ ግን ሐኪም ሆንኩ። ከማን እንደተማርኩ ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ሰዎቹን ባያውቋቸውም እነሱ እርስዎን ያውቁዎታል።

እርስዎም ራስዎ በ1977 ዓ.ም. ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በእግር እንደተጓዙ ነግረውኛል። ያንን መንገድ ከእኔ ሽርሽር ጋር አላስተካክልም፤ አላህም አይወድልኝም። ያነሣሁት ያኔ ዳቦ ያካፈለዎት ሰው ስሙን ሳይነግርዎ እንደሄደ ስላወሩኝ ብቻ ነው።

ጫካውንስ? እርስዎ በስንዴ የተከሉት የፈረንጅ ጥድ ሥር ሣር እንኳ አይበቅልም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ተተክሎ በአንድ ልክ ያደገ ነው። እዚህ ግን ትልቁ ኮሶ ከትንሹ ጋር፣ የወደቀው ከቆመው ጋር ተደባልቆ ይኖራል፤ ቅርንጫፉ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ከፍ ሲሉ ዛፉ እያጠረ አስታ ይሆናል፤ ከዚያም ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ጅባራ። ጅባራ ዓመታትን ቆሞ ጠብቆ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ካበበ ያበቃለታል። ደርቆ የቆመም ገና ያላበበም ጎን ለጎን አየን።

እሑድ ማለዳ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ሽቅብ ወጡ። መንጋው እየተቀመጠ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣሩን ነጭቶ እየጎረሰ ይሄዳል፤ ነጨታው ራሱ ይሰማል። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ ረጅም ጎፈር አለው። እንዲህ ስናይ ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ በአገጩ ጠቆመን፤ በመንጋው መሐል ቀይ ቀበሮ! ግልገል ጭላዳ አጠገቧ እየተጫወተ ቀና ብላ አታየውም። እሷ የምትፈልገው አይጥ ነው። ቆማ፣ ጆሮዋን ወደ መሬት አዘንብላ፣ እንደገና ቆማ፣ ድንገት ዘለለች። ያዘች። ስካውቱ ሲነግረን ጭላዳዎቹ መሐል ስትሆን አይጡ አይጠራጠራትም። ሌላ አገር የለችም፣ አባዬ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ናት፤ በአገሩ ሁሉ ያለው ቁጥርም 500 ገደማ ነው። ቀበሮ ሲባል በግ በላ ብለው የሚያሳድዷት አሉ፤ የባሰባት ግን ከመንደር ውሻ የምትይዘው የእብድ ውሻ በሽታና እየሰፋ የሚመጣው እርሻ ነው።

ስካውቱ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ሁላችንንም ቀድሞ ይወጣል። ከእኛ አንዱ በብዙ ብር የገዛው የተራራ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በገመድ አስሮ ነው የተመለሰው። ይህንን ለእርስዎ ሳቅ ስል ነው የጻፍኩት።

በጥር እንደገና መሄዴ አይቀርም። በዚህ ላይ ቁጣዎን ይቆጡ፤ ግን ከዱዓዎ አይርሱኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ድካሙ አስተኛኝ እንጂ የተከራየሁት የመኝታ ከረጢት ከብርዱ ምንም አላስጣለኝም፣ ስካውቱ ግን ባናውን ተከናንቦ እስኪነጋ አልተገላበጠም። የእርስዎ ሳጥን ውስጥ ያለውን ባና በሚቀጥለው ገበያ ወንድሜ ቢስቲማ ሲወርድ በመኪና ይላክልኝ። እኔም የጉልበትዎን ቅባትና መድኃኒቱን በዚያው መኪና መልሼ እልካለሁ፤ ሁለት ጊዜ በቀን ነው፣ ሲያምዎት ብቻ አይደለም።

ልጅዎ፣ ከደሴ