ሚሚዬ፣ ዳቦውን ብዪ

ለገጣፎ፣ ሚያዝያ 21

ሚሚዬ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ታናሽሽ ፈተና ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትመጣው፤ እንጀራ ጋጋሪ ያለ ውሃ ምን እንደምትሆን አንቺ ታውቂዋለሽ።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ለፋሲካ መጥተሽ ድፎ ዳቦው ሲቆረስ እጅሽን አልዘረጋሽም። «ዶሮው አጠገበኝ» አልሽ። ዶሮውንም ቀመስ ብቻ ነበር ያደረግሽው፣ ግን አመንኩሽ። ትናንት ክፍል የምትጋራሽ ልጅ ጋ ደወልኩ። ዳቦ፣ በሶና ፓስታ ከተውሽ ሦስት ሳምንት ሊሞላሽ ነው አለችኝ። እንዳትቆጫት፤ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት።

ሚሚዬ፣ ዳቦውን ብዪ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ዳቦውን ብዪ።

የሰው እናት ልጇን ከሚያማት ምግብ ትከለክላለች፣ የኔዋ ብዪ ትላለች ብለሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። ዶክተሯ ያለችውን አብረን ነው የሰማነው። አንቺ ግን ያን ቀን ስልክሽን ትነካኪ ነበር። እኔ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ከሆነ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ ሰውነትሽ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሳል። የትንሹ አንጀት ሽፋን ይጎዳል። ብረቱም ካልሲየሙም በደንብ አይመጠጥም። የደም ምርመራው የሚፈልገው በዚህ ጠብ ጊዜ ሰውነት የሚሠራውን ፀረ አካል ነው። ዳቦ ስታቆሚ ጠቡ ይበርዳል፤ ፀረ አካሉ ይወርዳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል። ያኔ ደም ብትሰጪም፣ በአፍሽ ካሜራ አስገብተው ከአንጀትሽ ናሙና ቢወስዱም «ምንም የለብሽም» ሊሉሽ ይችላሉ። ሌባው ከወጣ በኋላ ቤት መፈተሽ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ልምምድሽን ስትጨርሺ ለዶክተሯ ደውዪላት። ማቆምሽን አትደብቂያት። ከምርመራው በፊት ስንት ሳምንት እንደገና መብላት እንዳለብሽ፣ በቀን ምን ያህል እንደሆነም እሷ ትንገርሽ። ጓደኛሽ አይደለችም የምትነግርሽ፣ ቲክቶክም አይደለም። ሲያስመልስሽ፣ ሲያስቀምጥሽ ደግሞ ችዬ እወጣዋለሁ ብለሽ አትቀመጪ፤ ያንኑ ቀን ደውዪላት።

ገና አልተረጋገጠም እኮ። ጃርዲያም አንጀት ይጎዳል። የወር አበባሽም ይበዛል። እንደናንተ ሲሮጥ የሚውል ሰው ብረት ያጥረዋል ብላለች። ግን ስንት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ዋጥሽ? እኔ አራት ቆጥሬያለሁ። ያ ክሊኒክ ሆድሽን ሳይነካ ነበር የሚጽፍልሽ። የብረቱን ኪኒን አምስት ወር ውጠሽ ደምሽ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የቅልጥምሽ አጥንት ተሰነጠቀ። በ19 ዓመት!

ይሄን ስጽፍ ጃን ሜዳ ትዝ ይለኛል። አቋርጠሽ ወጥተሽ ሣሩ ላይ የተቀመጥሽ ዕለት። መጥቼ ያልኩሽን አልረሳሽውም፣ እኔም አልረሳሁትም። «ወንድ ስታይ እግርሽ ከበደ» አልኩሽ። በሰው ፊት። መልስ አልሰጠሽኝም፤ ጫማሽን ፈትተሽ ያዝሽ። ደም የሌላት ልጅ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጣ እኔ ወንድ እፈልግባታለሁ።

ሌላም አለ። ከልጅነትሽ ጀምሮ በየማለዳው በሶ በማር በጥብጬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። በሶ የሯጭ ምግብ ነው ስንባል ነው ያደግነው። ለሌላው ሯጭ አሁንም ነው። የእንጀራውን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ገብስ እደባልቃለሁ። ደንበኞቼ ያውቃሉ፤ የምሸጠውም በድብልቅ ዋጋ ነው። አንቺ ግን በመጣሽ ቁጥር «የእማዬ ጤፍ» እያልሽ ስትጠቀልዪ ዝም አልኩሽ። ጤፍ ግሉተን የለውም ስትል ዶክተሯን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዳቦ ትተሽም ሆድሽ የተነፋው ምናልባት ከእኔ እንጀራ ይሆናል።

በዘር ሊመጣ ይችላል ስትል ደግሞ ወንድሜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የእምዬ የመጨረሻ ልጅ፣ አያትሽ ስሙ ሲነሳ ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርግለት። ሆዱ እንደ ቅል ያበጠ፣ እግሩ ጭራሮ። ቡዳ ነው አሉ። ጠበል ወሰዱት። መንዝ ከገብስ ሌላ ምን አለ? እምዬ እንዲጠና ብላ የገብስ ገንፎ በቅቤ ታጎርሰዋለች። ይበላል፣ ይከሳል። የማዝለው እኔ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። አንድ ቀን መረረኝና ቆነጠጥኩት። አላለቀሰም። ዞሮ አየኝ ብቻ። አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። በምን እንደሞተ ማንም አላወቀም፣ ያኔ ልጅ በብዙ ነገር ይሞት ነበር። እኔም ይሄ ነበር አልልም። ግን ጃን ሜዳ ላይ አንቺም እንደዚያ ነበር ያየሽኝ።

ታናሽሽ በስልኩ አንድ ነገር አነበበልኝ። ሆላንድ ውስጥ ዲኬ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1944 እና 45 በፈረንጆች፣ በጦርነቱ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ፣ ይሄ በሽታ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው። እሱ ከዚያም በፊት ስንዴውን ጠርጥሮ ነበር አሉ። ሰው እየተራበ እነዚያ ልጆች ሲያገግሙ አስቢው። ማታ እንቅልፍ ነሳኝ።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ዳቦው። ውጤቱ ሳይመጣ እንዳትተዪ።

አሠልጣኝሽን እኔ ራሴ አናግራለሁ፤ ፕሮግራምሽን ያቅልልሽ። አጥንትሽን እያመመሽ ዳገት አትውጪ። «ደም የሚጨምር መርፌ» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወዲያው ጥለሽው ሂጂ። ስምሽም ልብሽም ነው የሚጠፋው። በዚህ ላይ ልመና የለኝም፣ ትእዛዝ ነው። የሚታዘዝልሽን መድኃኒት ሁሉ ሯጭ ነኝ እያልሽ ጠይቂ። የብረቱን ኪኒን በሻይ አትዋጪ።

ሴሊያክ ከሆነ መድኃኒት የለውም፣ ምግቡን ዕድሜ ልክ መተው ነው። አንጀቱ ሲድን ብረቱ መግባት ይጀምራል ብላለች። እኔና ታናሽሽም እንመረመራለን። ከቅርብ ቤተሰብ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል ብላኛለች። የእኔ ጨጓራ ስንት ዓመቱ!

ለአንቺ የሚሆነውን ጤፍ ራሴ ለቅሜ አስፈጫለሁ። እዚህ ያለው ወፍጮ ቤት ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠርግ ነው ጤፍ የሚያስገባው፤ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ አጠያይቄ አግኝቻለሁ። ሽሮሽንም ሌላ ቦታ አስፈጫለሁ። እርሾዬም ገብስ የነካው ነው፣ ከአዲስ እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ሱሉልታ እመጣለሁ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ስይዝ እደውልልሻለሁ። ድፎ ዳቦ ይዤ ነው የምመጣው፣ ፊቴ ትበያለሽ። ስለ ጃን ሜዳውም ያኔ በአፌ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ በወረቀት አይሆንም። የረሳሽውን ሹራብ አጥቤዋለሁ፣ እሱንም አመጣዋለሁ።

አዲስ ምጣድ ገዝቻለሁ። ጓዳ ውስጥ በጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ውጤትሽ እስኪመጣ አላሟሸውም።

እናትሽ